በኬብሉ መሀል የነበረው ሳጥን

የኮምፒውተር ባለሙያው አሞጽ ኤርሲዶ በሚሠራበት በዶክተር ታዴዎስ ክሊኒክ፣ ሰርቨር ክፍል ወለል ላይ በፊቱ ተደፍቶ ነበር። ከቀኝ ጆሮው ኋላ የራስ ቅሉ ተሰብሮ ወደ ውስጥ ገብቷል። ደሙ ሲሚንቶው ላይ ፈሶ የመደርደሪያውን እግር ከቦ ረግቷል፤ ግድግዳውም ላይ እስከ መስኮቱ ድረስ ተረጭቷል። የገደለው ሰው አንዴ መትቶ አላቆመም። ከወደቀ በኋላም መትቶታል።

ዋና ኢንስፔክተር ገነቴ ላምቤቦ ተንበርክካ ቁስሉን ለረጅም ጊዜ አየችው።

«መዶሻ ነው ተብሏል» አለ ሳጅን ይበልጣል በሩ ላይ እንደቆመ። «የሳዲቅ መዶሻ። የመሣሪያ ቦርሳው ውስጥ ተገኘ።»

«ደም አለበት?»

«ታጥቦ ይሆናላ።»

«የመዶሻ ምት ክብ ነው። ይሄ ግን ማዕዘን ያለው ነገር ነው። አጠገቡ ደግሞ የብሎን ቀዳዳ የሚመስል ምልክት ቆዳው ላይ ታትሟል። ና እየው።»

«እዚሁ ሆኜ አምንዎታለሁ» አለ ይበልጣል ፊቱን ወደ ኮሪደሩ አዙሮ።

ከተማው ግን ጉዳዩን ቀድሞ ዘግቶታል። ሳዲቅ ናስረዲን መሀል ሆሳዕና ላይ የኮምፒውተር ሱቅ ያለው ወጣት ነው፤ ለክሊኒኩ ዕቃ የሚያቀርበውም እሱ ነበር። ማክሰኞ ዕለት በስብሰባ መሀል ከአሞጽ ጋር ሲጯጯሁ ሁሉም ሰምቷል። ዛሬ፣ ዓርብ ከሰዓት፣ ሸሚዙ በደም ተነክሮ «ድረሱልኝ!» እያለ ከሰርቨር ክፍሉ ሲሮጥ ወጣ። የደረሱለት የአሞጽ ወንድም ሆሴዕና አብረውት የነበሩ ዘመዶቹ ናቸው። እናታቸውን ሊያሳክሙ ከሞርሲቶ መጥተው በር ላይ ነበሩ። በዱላና በድንጋይ ቀጠቀጡት። ፖሊስ ከእጃቸው ሲያስጥለው መንጋጋው ተሰብሮ ነበር። ሆሴዕ ደም የነካ ዱላውን እንደያዘ በፖሊሶቹ ፊት ማለ፤ «ነገ ወንድሜን ቀብሬ እመለሳለሁ። እሱም ሱቁም ፀሐይ ስትጠልቅ አያዩም።» ፖሊሶቹም ቀብሩ እስኪያልፍ ብለው አልያዙትም።

ገነቴ ተነስታ መደርደሪያውን መረመረች። መሣሪያዎቹ አረንጓዴ መብራት ያበራሉ። በመሀላቸው ግን አንድ ክፍት ቦታ አለ፤ ዙሪያው አቧራ ለብሶ እሱ ብቻ ንጹሕ ነው። ወለሉ ላይ በደሙ ውስጥ አንድ ብሎን ወድቋል። ከላይ የመጣ ቢጫ ኬብል ክፍቱን ቦታ አልፎ ከታች ያለው መሣሪያ ላይ ተሰክቷል፤ መሰኪያው ላይ በደም የተነከረ ጣት የተወው የደረቀ ምልክት አለ። ሌላ አጭር ኬብል ከምንም ጋር ሳይገናኝ ተንጠልጥሏል።

ዶክተር ታዴዎስን አስጠራችው። ጸጉሩ የሸበተ፣ ትከሻው የወደቀ ሰው ነው። ወደ ሬሳው ላለማየት ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

«እዚህ ክፍት ቦታ ላይ ምን ነበር ዶክተር?»

«የዚህ ክፍል ነገር ሁሉ የአሞጽ ነበር። እኔ ብዙም አላውቅ።»

«በቅርቡ የገዛችሁት ዕቃ የለም?»

«ፋየርዎል የሚሉትን የኔትወርክ መጠበቂያ ሳጥን ገዝተናል። ከነዚህ አንዱ ይሆናል።»

«የተነሳው እሱ ቢሆንስ?»

«እሱማ ቢነሳ ክሊኒኩ በሙሉ ይቆም ነበር። ሳዲቅ በስብሰባው እንዲያ ብሎ ነው ያስረዳን። ይኸው ሁሉም ይሠራል።»

ገነቴ የደም ምልክት ያለበትን መሰኪያ እንደገና አየችው።

በማግስቱ ጠዋት የሬሳው መኪና ሳይንቀሳቀስ ለቅሶ ቤት ደረሰች። የአሞጽ ባለቤት አዜብ ዓይኗ አብጦ ድንኳኑ ጥግ ተቀምጣለች። ገነቴ አጠገቧ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠችና እጇን ያዘች።

«ትናንት ምሳ በላ?»

«አልበላም፣ እህት ገነቴ። ጾም ጸሎት ላይ ነበር። ሐሙስ ማታ አምሽቶ ከክሊኒክ ከመጣ ጀምሮ ፊቱ ልክ አልነበረም።»

«ምን ሆንኩ አለሽ?»

«‹አንዱ ከባድ ነገር አድርጓል፤ መጀመሪያ ብቻውን ላናግረው› አለኝ። ማን ነው ስለው ስሙን አልነግርሽም አለ። ይኸው ያ ሳዲቅ…» ለቅሶው አፈናት።

ገነቴ ያደገችው እንደ አዜብ በጸሎት ቤት ነው። ለአገሩ የእሁድ ምእመን ሁሉ የታወቀ ሥርዓት አለ። ከጉባኤው አንዱ ሲሳሳት የተመለከተ ሰው መጀመሪያ ለብቻው ያናግረዋል፤ ካልሰማ ምስክር ይዞ ይሄዳል፤ በመጨረሻ ለሽማግሌዎች ይናገራል። እስከዚያ ስሙን ለሚስቱም አይነግርም። ሳዲቅ ግን መስጊድ ሄዶ የሚሰግድ ሰው ነው። አሞጽ ከእሱ ጋር የተጣላው ደግሞ በሰው ፊት፣ በሙሉ ድምፁ ነበር።

መኪናው ሲንቀሳቀስ ሆሴዕ ከጣሪያው ላይ ዱላውን ይዞ አያት። «እስክንመለስ ጊዜ አለሽ፣ ኢንስፔክተር!» አላት።

ሆስፒታል ውስጥ የሳዲቅ እህት ሀሚዳ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ገነቴና ይበልጣል ፖሊስ መሆናቸውን እያየች እንኳ ልትለቅ አልፈለገችም።

«ምን ቀረው ደግሞ? ያልተሰበረ አጥንት ልትፈልጉ ነው?»

«ስለ ሳጥን ልጠይቀው ነው» አለች ገነቴ።

ሳዲቅ ትራስ ተደግፎ፣ ከንፈሩን ሳይከፍት በጥርሱ መሀል ያወራል። «አሞጽን ሳነሳው ገና ይሞቅ ነበር፣ እትዬ» አለ ማንም ሳይጠይቀው። «የቀረ ትንፋሽ አለው ብዬ ነው ያነሳሁት።»

«ማክሰኞ በምን ተጣላችሁ?»

«በፋየርዎሉ አሠራር። ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ራውትድ ይባላል፤ ሳጥኑ በር ይሆናል ማለት ነው። የራሱ አድራሻ አለው፤ ኮምፒውተሩ ሁሉ ያውቀዋል፣ በእሱ ወጥቶ በእሱ ይገባል። ክፍሎቹ ይለያያሉ፤ የእንግዳው ዋይፋይ ከታካሚው ፋይል ይርቃል። እኔ ያልኩት ይሄን ነው። ክሊኒኩ ግድግዳ የሌለው አዳራሽ ነበር፤ አንድ ቫይረስ ቢገባ ሁሉንም ያዳርሳል።»

«አሞጽስ?»

«ትራንስፓረንት ይሁን አለ። እሱ ኬብሉ መሀል ዝም ብሎ የሚገባ ነው። የማንም አድራሻ አይቀየርም፤ መኖሩንም የሚያውቅ የለም። የሚያልፈውን ግን ሁሉ ያያል፤ መጥፎውን ያግዳል። የላብራቶሪ ማሽኖቹ አድራሻ ከአዲስ አበባ ባለሙያ ካልመጣ አይነካም፤ ስለዚህ ያንተ በር እነሱን ያቆማቸዋል ነው ክርክሩ።»

«ትክክሉ ማን ነበር?»

«ሁለታችንም። ለዚያ እኮ ነው የተጣላነው።» ሊስቅ ሲል ጎኑን ያዘ። «ዶክተር ለእኔ ፈረደ። ረቡዕ በእጄ በበር ዓይነት ገጠምኩት፤ ኮምፒውተሮቹንም አስተካክዬ ሄድኩ። ትናንት የመጣሁት ብሎኖቹን ላጠብቅና መሣሪያዬን ልወስድ ነው።»

«ሳጥኑ አሁን ቢነሳና ኬብሉ በቀጥታ ቢሰካ ምን ይሆናል?»

«ሁሉም ይቆማላ። ኮምፒውተሮቹ የሌለ በር ሲፈልጉ ይውላሉ።»

«ሳጥኑ የለም፣ ሳዲቅ። ኬብሉ በቀጥታ ተሰክቷል። ክሊኒኩም ይሠራል።»

ሳዲቅ ከትራሱ ቀና አለ። ያበጡት ዓይኖቹ ቀስ ብለው ተከፈቱ።

«ቀይሮታል!» አለ። «እኔ ከሄድኩ በኋላ ወደ ራሱ ዓይነት ቀይሮታል! ሌላ ትርጉም የለውም። ያ ግትር… ያ ግትር ሰው…» እንባው በተሰፋው ጉንጩ ላይ ወረደ፤ ሀሚዳ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት።

«መቀየሩን ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው ኬብሉን የሚሰካው» አለች ገነቴ ለራሷ ያህል።

ክሊኒኩ በር ላይ ጥበቃው ጋሽ ገብረክርስቶስ ሰላምታ ሰጥቶ የይበልጣልን ቦርሳ ከፈተ።

«ፖሊስንም?»

«መድኃኒት ከጠፋ ወዲህ የዶክተርንም እፈትሻለሁ፣ ልጄ። ትናንትም የወጣውን ሁሉ ፈትሻለሁ።»

«ሳዲቅ የገባው መቼ ነው?» አለች ገነቴ።

«ትናንት ከሰዓት የጣለው በረዶ ካባራ በኋላ። እዚህ ጋ በረዶው ላይ ተንሸራቶ በቂጡ ወደቀ። የባጃጅ ልጆቹ ‹ኮምፒውተር ወደቀ!› ብለው ሳቁበት፣ እሱም አብሮ ሳቀ። ብዙም ሳይቆይ ነው ጩኸቱን የሰማነው።»

እንግዳ መቀበያው ላይ ሙሉአለም የምትባል ፈጣን ሴት ካርድ ታወጣለች። አንድ ዓይኗ ኮምፒውተሩ ላይ ነው።

«ትናንት ኢንተርኔቱ ተቋርጦ ነበር?»

«ተቋርጦ እንኳ አይባልም። ቆርጠም አድርጎ ተመለሰ። በረዶው ቆርቆሮውን ሲደበድብ ነው፤ ራሴን አልሰማም ነበር። ፊቴ ያሉት ታካሚዎች ‹ሥራሽ እንደ ዝናቡ ነው› ብለው ቀለዱብኝ። መልስ ሳልሰጣቸው ተመለሰ።»

«ሐሙስ አሞጽ ያመሸው ለምንድን ነው?»

«ኮምፒውተሮቹን ላስተካክል ብሎ ሁላችንንም አስወጣን። ምን እንዳስተካከለ አልነገረንም። ዕንባቆም ብቻ ላብራቶሪውን ሊከፍትለት ቀረ።»

ዕንባቆም የላብራቶሪው ኃላፊ ነው። ረጅም፣ ድምፁ ለስላሳ፣ ከአሞጽ ጋር በአንድ መዘምራን ውስጥ የሚዘምር። ነጭ ጋውኑ ታጥቦ ተተኩሷል። ዓይኖቹ ግን ያልተኛ ሰው ዓይኖች ናቸው።

«ወንድሜ ነበር» አለ። «ቀብሩ ላይ መሆን ሲገባኝ ታካሚ ጥዬ መሄድ አልቻልኩም።»

«እግዚአብሔር ያጽናህ። አዲሱ ሳጥን ሥራህን አላወከም?»

«ኧረ በፍጹም። አድራሻችን አልተነካ። ኬብል መሀል የተቀመጠ ዕቃ ምን ያውካል?»

ገነቴ ራሷን ነቀነቀች። በክፍሉ ጥግ የአልጋ ራስጌ ቁመት ያለው የኬሚስትሪ ማሽን ቆሟል። ሳታስበው የተደገፈች መስላ መዳፏን ጎኑ ላይ አሳረፈች።

«ይሄ ነው ደም የሚመረምረው?»

«አዎ። ከጠዋት ጀምሮ ያለ ዕረፍት እየሠራ ነው።»

ብረቱ እንደ ጉድጓድ ድንጋይ ይቀዘቅዛል።

«እንግዲያው ለሳጅኑ አንድ ውለታ ዋልለት። ሲያዞረው ሰንብቷል፤ ስኳሩንም ኩላሊቱንም እይለት።»

ይበልጣል አፉን ሊከፍት ሲል ዓይኗን አየና እጅጌውን ሰበሰበ። ውጤቱ ታትሞ የመጣው ሻይ ጠጥተው ሳይጨርሱ ነው። ይበልጣል ያለ ስኳር ያስቀዳውን ሻይ አስቀምጦ ወረቀቱን አነበበ፣ ከዚያ በሹክሹክታ «ኢንስፔክተር፣ ዳንኩ ማለት ነው?» አላት።

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ እንደገና ጠቆረ። ገነቴ ሁሉንም በታካሚ መጠበቂያው አዳራሽ ሰበሰበች። ዶክተር ታዴዎስ፣ ሙሉአለም፣ ዕንባቆምና ጋሽ ገብረክርስቶስ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ሀሚዳ ብቻዋን ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። ከሞርሲቶ የተመለሱት ቀባሪዎች ጫማ ላይ ገና የመቃብር አፈር አለ፤ ሆሴዕ ከፊት ሆኖ ገባ። ገነቴ ዱላውን አስቀምጥ አላለችውም።

«አሞጽን የገደለው ዕቃ መዶሻ አይደለም» ብላ ጀመረች። «ቁስሉ ማዕዘን አለው፤ የብሎን ቀዳዳም አለው። መደርደሪያው ላይ የጎደለው ደግሞ ብሎን የሚታሰርበት ጆሮ ያለው የብረት ሳጥን ነው። በፋየርዎሉ ነው የተቀጠቀጠው።»

አንዲት የአሞጽ አክስት በእጇ አፏን ያዘች።

«ገዳዩ ሳጥኑን እዚያ ሊተወው አልቻለም፤ ደምና ጸጉር ነበረበት። ስለዚህ ወሰደው። ከዚያ በደም እጁ ቢጫውን ኬብል በቀጥታ ሰካ፤ ኢንተርኔቱ ቆሞ ሰው ወደዚያ ክፍል እንዳይመጣ። ይህ የሆነው ሙሉአለም እንዳለችው በረዶው ሲወርድ ነው። ሳዲቅ በዚያ ሰዓት የት ነበር፣ ጋሽ ገብረክርስቶስ?»

«አልመጣም። የመጣው በረዶው መሬት ላይ ከተኛ በኋላ ነው። ስንት ሰው ስቆበታል!»

ሆሴዕ ዱላውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዞረ። ወደ ሀሚዳ አላየም።

«እንቀጥል። ኬብሉን መሰካት ምን እንደሚያመጣ ማን ያውቃል? ሳዲቅ በበር ዓይነት ገጥሞት ነበር። ዶክተርም፣ ሙሉአለምም የሚያውቁት ያንን ነው፤ ሳጥኑ ከተነሳ ሁሉም ይቆማል። እንዲህ የሚያምን ሰው ሬሳ እግሩ ሥር ሆኖ ኬብል ሲሰካ አይቆምም፤ ይሮጣል። አሞጽ ግን ሐሙስ ማታ ሳጥኑን ወደ ማይታየው ዓይነት ቀይሮት ነበር። ያን ምሽት አብሮት የቀረው አንድ ሰው ነው። ዛሬ ጠዋትም ‹አድራሻችን አልተነካ፤ ኬብል መሀል የተቀመጠ ዕቃ ነው› ያለኝ እሱ ነው።»

ሁሉም ወደ ዕንባቆም ዞረ።

«አሞጽ ነግሮኝ ነው» አለ ዕንባቆም በለስላሳ ድምፁ። «ማወቅ ወንጀል ነው?»

«አይደለም። አሞጽ ግን ያ ሳጥን ምን እንዳሳየውም ነግሮሃል። ኬብሉ መሀል ሆኖ የሚያልፈውን ሁሉ ያያል። ከኬሚስትሪ ማሽንህ ግን ምንም አያልፍም ነበር። ማሽኑ ዝም ብሏል። ውጤቱ የሚመጣው ከራስህ ኮምፒውተር ነው፤ በእጅህ እየተጻፈ። ዛሬ ‹ያለ ዕረፍት ይሠራል› ያልከኝ ማሽን ስነካው ቀዝቃዛ ነበር። ሳጅን፣ ስኳርህ ስንት ነው?»

«በእሱ ወረቀት ዘጠና» አለ ይበልጣል። «በእኔ ደም ግን ስንት ዓመት መድኃኒት የምውጥበት ነው። ዛሬ ጠዋት ሆስፒታል ተለክቼ ሦስት መቶ ነበር።»

ዶክተር ታዴዎስ ከአግዳሚው ተነሳ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ከሆመቾ የመጣችው እናት» አለ። «ኩላሊቷ ደህና ነው ብዬ… በአንተ ወረቀት ወደ ቤቷ የላክኋት…»

«አሞጽ ለባለቤቱ ‹መጀመሪያ ብቻውን ላናግረው› አላት። እንዲህ የሚባለው ለጉባኤ ሰው ነው። ክፍሉ ውስጥ ብቻህን አገኘህ፣ ዕንባቆም። ሳጥኑም አልወጣም፤ ጋሽ ገብረክርስቶስ ሁሉን ይፈትሻል። ፖሊስ ሕንጻውን ሲበረብር ያልከፈተው አንድ ነገር ነው። ሳጅን፣ ሄደህ የማሽኑን ሆድ ክፈት።»

ዕንባቆም ዘለለ። ከአግዳሚው ሥር የወተት ጠርሙስ አንስቶ ጠርዙ ላይ ሰበረና ወደ ኮሪደሩ ሮጠ። ይበልጣል ሲያግደው ስባሪው ክንዱን ከክርን እስከ አንጓ ተረተረው፤ ደሙ የሙሉአለም ካርዶች ላይ ተረጨ። ሴቶቹ ጮኹ። በዚያው ቅጽበት የሆሴዕ ዱላ ወረደ። የዕንባቆም ትከሻ ተሰብሮ ሲንኮታኮት ተሰማ። ወደቀ። ሆሴዕ ጭንቅላቱ ላይ ሊደግመው ዱላውን ከፍ አደረገ፤ ዘመዶቹም ተከተሉት።

ገነቴ በመሀል ገብታ በወደቀው ሰው ላይ ቆመች። ዱላው ከራሷ በላይ ነው።

«ትናንትም ሳዲቅን ስትመታ እንዲህ እርግጠኛ ነበርክ፣ ሆሴዕ።»

ዱላው አየር ላይ ቀረ።  ከዚያ ሆሴዕ ቀስ ብሎ አወረደው።

ዕንባቆም ወለሉ ላይ ተኝቶ ማውራት ጀመረ፤ ማንም አልጠየቀውም። ማሽኑን ያበላሸው እሱ ራሱ ነበር፤ ቸኩሎ ያልሆነ ኬሚካል ቀዳበት። ለዶክተሩ ለመናገር አፈረና ለአንድ ቀን ብቻ ብሎ የድሮ ሰው ውጤት ገለበጠ። በማግስቱም እንዲሁ።

«አሞጽ አልጮኸብኝም» አለ። «አለቀሰልኝ። ‹እስከ ሰኞ አንተው ለዶክተር ንገር፤ እኔ አብሬህ እቆማለሁ› አለኝ። አብረን ጸለይን። ከዚያ የወደቀ ብሎን ሊያነሳ ጎንበስ አለ። ሳጥኑ ገና አልታሰረም ነበር…»

ሌላ ፖሊስ ከላብራቶሪው ተመለሰ። በፕላስቲክ የያዘው የብረት ሳጥን ማዕዘን ላይ ጥቁር ደምና ጸጉር ተጣብቋል። አክስትየዋ ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰችው።

ዕንባቆምን በፖሊስ መኪና ሲወስዱት ሀሚዳ ቀድማ ወደ ሆስፒታል ሄደች። ገነቴ የይበልጣልን ክንድ ሊሰፉለት ይዛው ስትደርስ ልጅቱ እንደ ጠዋቱ በሩ ላይ ቆማለች። ፊት ለፊቷ ሆሴዕ ቆሟል። ዘመዶቹ ግቢው በር ላይ ቀርተዋል። ዱላው እጁ ላይ የለም።

«ምን ትፈልጋለህ?» አለችው ሀሚዳ።

«ላናግረው ነው።»

«ከነማን ጋር?»

«ብቻዬን» አለ ሆሴዕ። ዓይኑን ከመሬት አላነሳም።

ሀሚዳ አልተንቀሳቀሰችም። ከውስጥ፣ በተሰበረው መንጋጋ መሀል፣ የሳዲቅ ድምፅ ተሰማ።

«አስገቢው። በሩን ግን አትዝጊው።»